ሐዋሳ፦ የሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ጥሩ መሆኑን በምን ልወቅ?

ይህን የውይይት ክር በመድረኩ ላይ የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ 34 ስለደረሰና መሐሉ ላይ ጭቅጭቅ ስለገባበት፣ አሁን የሚመጣ ወላጅ ፍሬውን ሳያገኝ እንዳይመለስ የተባለውን በየመልሱ ቁጥር ላስቀምጥ። መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህን ነበር፦

ልጄ ዘንድሮ 1ኛ ክፍልን በግል ትምህርት ቤት እየጨረሰች ነው። ክፍያው በየዓመቱ እየጨመረ ከቤት ኪራያችን ጋር ተስተካክሏል። ከቤታችን በእግር 8 ደቂቃ የሚያስኬድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ሥር አልፋለሁ፤ ሰልፉን አያለሁ፣ መዝሙሩን እሰማለሁ፤ ውስጡን ግን አላውቀውም። ጎረቤት ስጠይቅ ግማሹ ልጆቹ ሜዳ ላይ ነው የሚውሉት ይለኛል። ግማሹ ደግሞ ከዚያ ተምረው ሐኪምና መሐንዲስ የሆኑትን ይቆጥርልኛል። ስለ ዛሬው 2ኛ ክፍል የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። ወላጅ የመንግሥት ትምህርት ቤትን በምን ይመዝናል? ምን ልይ? ማንን ልጠይቅ?

1 ቁጥርና 2 ቁጥር በጨዋ ደንብ ሰላምታ ሰጥተው አንድ ዓይነት ምክር ነው የለገሱኝ። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤቱን ጠይቂ፣ ስንት አስፈትኖ ስንት እንዳሳለፈ እይ ነው ነገሩ። 3 ቁጥር መምህር ነው፤ በትሕትና አረማቸው። በአዲሱ አደረጃጀት አንደኛ ደረጃ የሚባለው ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ነው፤ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ሆነው ተለይተዋል። ስለዚህ የ8ኛ ክፍል ውጤት ስለ ትንንሾቹ የሚናገረው ጥቂት ነው። ቀጥሎ ያለው ነገር ደግሞ እኔ ያላሰብኩት ነበር። የማለፍ መቶኛ የሚሰላው ለፈተና ከቀረቡት ብቻ ነው፤ 4ኛ ክፍል ላይ አቋርጦ የሊስትሮ ሳጥን ያነሳው ልጅ ከቁጥሩ ውስጥ የለም። ከመቶኛው ይልቅ ከዛሬ 5 ዓመት በፊት 1ኛ ክፍል ስንት ልጅ እንደተመዘገበ፣ ዛሬ 6ኛ ክፍል ስንቱ እንደተቀመጠ እንድጠይቅ መከረኝ።

4 ቁጥር ተስፋ የቆረጠ ሰው ይመስላል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን አነሳ፦ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ጽፎ፣ አገር በሙሉ እንዲህ ሆኖ ሳለ አንዱን ትምህርት ቤት ከሌላው መለየት ምን ይረባል አለ። 5 ቁጥር የሰጠው ምላሽ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። በ2014 የተፈተነ ልጅ ሀ ሁ የቆጠረው ከዚያ ከ12 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ በዚያ ቁጥር የዛሬዋን የ2ኛ ክፍል መምህርት መፍረድ አይቻልም። ቁጥሩ ግን አንድ ነገር ያስተምራል፤ መሠረቱ የተበላሸ ልጅ ካርዱ እያማረ 12ኛ ክፍል ድረስ ሊሄድ ይችላል።

6 ቁጥር ከመምህርነት ወደ ሱፐርቫይዘርነት ያደጉ ሰው ናቸው። ትምህርት ቤቶች ተመዝነው ደረጃ የሚሰጣቸውን የኢንስፔክሽንን ነገር እስከ ዛሬ እንደ እሳቸው ያስረዳኝ ሰው የለም። 26 ስታንዳርዶች አሉት፤ በሦስት ይከፈላሉ። ግብዓት 25 ከመቶ ይይዛል፦ ክፍሉ፣ ዴስኩ፣ መጽሐፉ፣ ውኃው፣ የመምህሩ የትምህርት ደረጃ። ሂደት 35 ይይዛል፤ ይህ ክፍል ውስጥ የሚሆነው ነው። ውጤት 40 ነው። ድምሩ ከ50 በታች ከሆነ ትምህርት ቤቱ ደረጃ 1 ይባላል፣ ከ50 ጀምሮ 70 እስኪሞላ ደረጃ 2፣ ከ70 ጀምሮ 90 እስኪሞላ ደረጃ 3፣ ከ90 በላይ ደረጃ 4። ደረጃ 3 ማለት የሚጠበቅበትን አሟላ ማለት ነው።

7 ቁጥር ያን ወረቀት ለወላጅ ያሳዩታል ወይ ብላ ጠየቀች። እኚሁ ሰው በ8 ቁጥር ተመልሰው፣ ሪፖርቱ በርዕሰ መምህሩ እጅ እንደሚገኝ፣ በትሕትና ለሚጠይቅ ወላጅም የሚከለከልበት ምክንያት እንደሌለ ገለጹ። ርዕሰ መምህሩ ባያሳይ ደግሞ የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት አባላትን መጠየቅ ይቻላል አሉ። 9 ቁጥር በቁጣ ነው የገባው። ኢንስፔክሽን ሊመጣ ሲል ዴስክ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ሲጋዝ በዓይኑ አይቷል፤ ለዚያ ቀን ብቻ ግድግዳው በሥዕላዊ መርጃ ይሸፈናል፤ ጎበዝ ጎበዞቹ ፊት ይቀመጣሉ። 10 ቁጥር ይህንኑ አጠናክራ፣ ፋይል ያደራጀ ትምህርት ቤት ልጅ ካስተማረው ይበልጥ ነጥብ እንደሚያገኝ ጻፈች።

እኔ እዚህ ላይ ሁለቱንም እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ ወረቀቱን ማየት ምንም አይጎዳም፤ ድምሩን ትቶ ዝርዝሩን ማየት ነው። አጥሩ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ላብራቶሪው አምሮ በግብዓት ከ25 ላይ 22 ያገኘ፣ በሂደት ግን ከ35 ላይ 17 ብቻ ያለው ትምህርት ቤት አለ። ግብዓቱ ደክሞ ሂደቱ የበረታም አለ። ለልጄ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው።

ክሩ ክብደት ያገኘው ከ11 ቁጥር በኋላ ነው። ይህ ሰው በንባብ ፕሮጀክት ላይ የሠራ ነው። በ2002 ዓ.ም. የታችኛው ክፍል ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲያነቡ በአገር አቀፍ ደረጃ ተፈትነው ነበር፤ ሲዳምኛም ከተፈተኑት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች መካከል ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። ያ ውጤት አስደንግጦ ነው የ1ኛ ደረጃ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት በአማርኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ፣ በሐዲይኛና በሌሎችም ንባብን መሠረት አድርገው እንደገና የተዘጋጁት። ምክሩ አጭር ነው። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመሽ፣ ከወላጁ አስፈቅደሽ፣ ሦስት የ2ኛ ክፍል ልጆችን አይተውት የማያውቁትን አጭር ጽሑፍ አስነብቢ። በቃላቸው የያዙትን የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ አይደለም፤ ሌላ ጽሑፍ። ካነበቡ በኋላም ስለ ምን እንደሆነ ጠይቂያቸው።

12 ቁጥር አረጋዊ አባት ናቸው፤ ለእሳቸው ስል ብቻ ይህን ክር በመክፈቴ ደስ ይለኛል። በልጅነታቸው በቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። ሀ ሁ በዜማ ከተወጣ በኋላ የኔታ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩ እንደነበር ያስታውሳሉ፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እየተባለ ፊደሉ ከየቤቱ ወጥቶ ተቀላቅሎ ይመጣል። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባቸውም ነበር። በኋላ ልጅ ሲያስተምሩ ነው የገባቸው። ልጅ ሀሁን እንደ ዘፈን ይይዘዋል፤ አፉ ይሄዳል፣ ዓይኑ ግን ፊደሉን አላየውም። አቡጊዳ ያን ዜማ የሚሰብር ነው። የኔታ በስንጥር አንዱን ፊደል ከመሐል ይነኩና ይህ ማነው ይሉ ነበር። እኔም ልጄን እንደዚያ እንድፈትናት፣ ትምህርት ቤቱንም መምህሯ ከመሐል ትጠይቅ እንደሆነ ወይስ በዜማ ብቻ ታስጮህ እንደሆነ በማየት እንድመዝነው አሳሰቡኝ።

13 ቁጥር ያንኑ ማታ ሞከረችው። ልጇ በታወቀ የግል ትምህርት ቤት 2ኛ ክፍል ነው፤ ካርዱ ላይ ከ90 በታች የለም። ጣቷን ቶ ላይ ስታደርግ ልጁ ዝም አለ፤ ከዚያ በለሆሳስ ከተ ጀምሮ ተ ቱ ቲ ታ ቴ ት እያለ ቆጥሮ ቶ ላይ ደረሰ። እያንዳንዱን ፊደል እንደዚያ እየቆጠረ ነው የሚያነበው። እናትየው የጻፈችው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ መልዕክቷ ላይ ሐዘኗ ይታያል። በርካታ ሰው አጽናናት፤ እኔም በዚያው ምሽት ልጄን ሞከርኳት። ከ20 ፊደል 13 አወቀች። ቸ እና ጨ፣ ሰ እና ጸ ይምታቱባታል።

14 ቁጥር የሲዳምኛን ነገር አነሳች። ልጇ አማርኛን በፊደል፣ ሲዳምኛን በላቲን፣ እንግሊዝኛንም በዚያው በላቲን ይማራል። በእንግሊዝኛ ሲ የሚለው ፊደል በሲዳምኛ ሲመጣ ጨ ተብሎ ይነበባል፤ የፍቼ ጫምባላላው ጫ የሚጻፈው በዚያ ነው። ኤክስ ደግሞ ጠ ነው። ልጁ የቱን መቼ እንደሚያነብ የነገረው ሰው ስላልነበረ ለአንድ ዓመት ሁለቱን እያቀላቀለ ቆየ። ጥሩ ትምህርት ቤት ማለት የሲዳምኛው መምህርና የእንግሊዝኛው መምህርት በዚህ ጉዳይ የሚነጋገሩበት ነው ብላ ደመደመች። ምን ያህል ትክክል ናት!

የሚያሳዝነው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። 15 ቁጥር ነገሩን ወደ ፖለቲካ ጎተተው፤ 16 ቁጥር በስድብ መለሰለት፤ 17 ቁጥር ደግሞ ከክልሉ ምሥረታ በፊት እንዴት እንደነበር እያነሳ ሁለቱንም ወቀሰ። 18 ቁጥር የመድረኩ አስተባባሪ ሲሆን የ16ን ግማሽ ሰርዞ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ አስጠነቀቀ። ሦስቱም የ14 ቁጥርን ልጅ ረሱት። ልጁ ሦስት ጽሕፈት በትንሽ ጭንቅላቱ ተሸክሞ እየታገለ ነው፤ የሚያስፈልገው የሚያግዘው ሰው ነው።

19 ቁጥር የመንግሥት ትምህርት ቤት የ2ኛ ክፍል መምህርት ናት። ከእኛ ከወላጆቹ ጋር ነው የተጣላችው። ክፍሏ ውስጥ 74 ልጆች አሉ፤ ስታንዳርዱ 50 ነው። ለ3 በተሠራ ዴስክ 5 ይቀመጣሉ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ቢከፈል ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው የሚደርሰው። ለወላጅ ስብሰባ ስትጠራ ደግሞ የሚመጣው 11 ሰው ነው። እኛ ትምህርት ቤት ለመመዘን መስፈርት ከመደርደራችን በፊት የልጃችንን ደብተር ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደገለጥን ራሳችንን እንድንጠይቅ በቁጣ ጻፈች።

20 ቁጥር አልማራትም። መምህራን በክፍል ቆጥበው በማጠናከሪያ በገንዘብ ይሸጡታል ብሎ ወነጀላት። 21 ቁጥር ራሷ ናት፤ ማጠናከሪያ አስተምራ እንደማታውቅ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ፈረቃ እንዳለባት በሁለት መስመር መለሰች። 22 ቁጥር ስለ መምህር ደመወዝና ስለ ቤት ኪራይ ረጅም ጻፈ፤ እውነት አለው፣ ግን ሁላችንም የምናውቀው ነው።

በ23 ቁጥር እኔ ገባሁ። የደብተሩ ነገር እኔንም እንደሚመለከት፣ ከመምሸቱ ብዛት ሳላይ የማድርበት ቀን እንዳለ አምኜ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኳት፦ ከ74ቱ ማንበብ ያልቻሉትን ምን ታደርጊያቸዋለሽ? በ24 ቁጥር የመለሰችልኝ ከሪፖርት ሁሉ ይበልጥብኛል። መስከረም ላይ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻ ጠርታ ታስነብባለች፤ ሁለት ሳምንት ይፈጅባታል። ከዚያ በዕድሜ ወይም በደረጃ ሳይሆን ማንበብ በሚችሉት ልክ ትመድባቸዋለች። ፊደል ያልለዩት ፊት ይሆናሉ፤ ሌላው ሲጽፍ እሷ ከእነሱ ጋር ናት። 1 ለ 5 የሚባለውን አደረጃጀትም አትንቀውም፤ ቡድኑ በየወሩ ካልተቀየረ ግን መሪው ለአምስቱም የቤት ሥራ የሚሠራበት መጠለያ ይሆናል አለች። አንድ መምህር ክፍሉን የሚያውቅ መሆኑን ለመለየት ደካማ የሆኑትን ሦስት ልጆች በስማቸውና በችግራቸው እንዲነግርሽ ጠይቂው ስትል መከረችኝ። 20 ቁጥር ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

25 እና 26 ቁጥር ከርዕሱ ወጥተው ስለ ልጅነታቸው አወሩ። ሁለቱም በሐይቁ አቅራቢያ የተማሩ ናቸው፤ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ በሰልፍ ሰዓት ሜዳው ላይ እንደ ዘበኛ ይቆም እንደነበር፣ ጦጣ ምሳቸውን ነጥቃቸው ዛፍ ላይ እንደወጣች፣ ከትምህርት ሲለቀቁ ወደ አሞራ ገደል ወርደው የዓሣ ጀልባ ሲመለስ ይጠብቁ እንደነበር። ከዚያ ሁሉ ንትርክ በኋላ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት አነበበው።

27 ቁጥር ግን ወደ ቁም ነገሩ መለሰችን። ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ በፊት መጸዳጃ ቤቱን እንድገባ አዘዘችኝ። የሴቶቹ ከወንዶቹ ተለይቷል ወይ? በር አለው ወይ? በሩስ ከውስጥ ይዘጋል ወይ? ቧንቧው ሲከፈት ውኃ ይወርዳል ወይ? የእህቷ ልጅ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ በወር ሦስትና አራት ቀን ትቀር ነበር፤ ማንም ምክንያቱን አልጠየቃትም። ያቺ ልጅ በሰነፍነት ተመዝግባ ነው ያቋረጠችው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሌላ ነገር መጻፍ አልቻልኩም።

28 ቁጥር የባጃጅ ሾፌር ነው፤ ወንድማችን ከሁላችንም የተሻለ ታዛቢ ሆኖ አገኘሁት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በየትኛው በር መምህራን ከልጆቹ ቀድመው እንደሚገቡ፣ የትኛው ግቢ ከሰዓቱ በፊት ልጆቹን እንደሚለቅ፣ በተለይ ዓርብ ከእረፍት በኋላ የት ልጆች በመንገድ እንደሚፈሱ ያውቃል። የአንድ ሳምንት ዓርብ በር ላይ ቁሚ አለኝ። 29 ቁጥር ወዲያው ተስማማ። እሱ ልጁን ከግል ወደ መንግሥት ያዛወረ አባት ነው። የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ከባድ እንደነበር፣ በእንግሊዝኛ ወደ ኋላ እንደቀረ፣ በሒሳብና በአማርኛ ግን እንደተሻሻለ፣ ከሁሉ በላይ ልጁ በእግሩ ሄዶ ከሰፈሩ ልጆች ጋር መመለሱን እንደወደደው ጻፈ። 30 ቁጥር ይህን የድህነት ማጽናኛ ነው ብሎ አናናቀው። 31 ቁጥር፣ እኚያው አረጋዊ፣ በጣም አጭር መልስ ሰጡት፤ ሰውዬውን አንተ ማለት ትተው እርስዎ እያሉ፣ ልጁ ማንበብ መቻሉን ብቻ ጠየቁት። መልስ አልመጣም።

32 ቁጥር የእኔ ነው። ማክሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ መጀመሪያ ከምን መሥሪያ ቤት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ወላጅ ብቻ መሆኔን ስነግራቸው ተገረሙ፣ ከዚያ ወንበር ሰጡኝ። ሪፖርቱን አሳዩኝ፤ ግብዓቱ ደካማ ነው፣ ሂደቱ ከዚያ ይሻላል። 2ኛ ክፍል ከኋላ ተቀመጥኩ፤ 68 ልጆች ነበሩ። መምህርቷ ስለ አንዲት ዓሣ ሻጭ አራት መስመር ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ ከመጽሐፉ የተገለበጠ አይደለም። አስጮኸቻቸው፤ ይህ አላስደሰተኝም። ቀጥላ ግን በእንጨቷ ከሦስተኛው መስመር መሐል አንድ ቃል ነክታ አንድን ልጅ በስሙ ጠራችው። ልጁ ዝም አለ። አልተቆጣችውም፤ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ትታ ሌላውን በእጇ ሸፈነች፤ አነበበው። እጇን ፈቀቅ አደረገች፤ ሁለተኛውንም አነበበ። ቃሉ ቅርጫት ነበር። ከክፍሉ ስንወጣ ደካሞቹን ሦስት እንድትነግረኝ ጠየቅኳት፤ አምስት ነገረችኝ፤ የአንደኛዋ ዓይን ሰሌዳውን እንደማያይ፣ እናቷንም ሁለት ጊዜ እንዳስጠራች ጨምራ።

መጸዳጃ ቤቱ ተለይቷል፤ ከሴቶቹ አራት በሮች የሚዘጋው አንዱ ብቻ ነው። ቧንቧው ደርቋል፤ በጀሪካን የተቀዳ ውኃ ጥግ ላይ አለ። ቤተ መጻሕፍቱ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ፈቃድ ከወጣ ሠራተኛ ጋር ሄዷል አሉኝ። በመስኮቱ ስመለከት መጻሕፍቱ በካርቶን ናቸው። ልጅ የማያውቀውን ጽሑፍ የሚያገኝበት አንዱ ቦታ እሱ ነበር፤ ይህ በጣም ቆረቆረኝ። ዓርብም በር ላይ ቆሜ ነበር፤ እስከ ሰዓቱ ድረስ ማንም አልወጣም።

33 ቁጥር 13 ቁጥር የነበረችው እናት ናት። ልጇን በየማታው ከመሐል እየነካች እንደምትጠይቀው፣ አሁን ቶን ሳይቆጥር እንደሚያውቃት ነግራኝ፣ በመጨረሻ ምን እንደወሰንኩ ጠየቀች።

34 ቁጥር መልሴ ነው። ሰኔ ላይ ካርዷ ሲሰጥ መልቀቂያዋን እጠይቃለሁ። የልደት ምሥክር ወረቀቷን ዛሬ ኮፒ አስነሣሁ። የወላጆች ስብሰባው ቅዳሜ 3 ሰዓት ነው፤ ገና ያላስመዘገብኩ ብሆንም ርዕሰ መምህሩ እንድመጣ ፈቅደዋል። የምናገረው ሁለት ነገር ነው፦ የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍና የሦስቱ በሮች መቀርቀሪያ። 28 ቁጥር በባጃጁ አናጺ ይዞልን እንደሚመጣ ቃል ገብቷል፤ መቀርቀሪያዎቹን እኔ እገዛለሁ።